የብልሃት ዋጋ፦ በሚና ጨዋታ የድግምት ፈጠራ በምን ይመዘን?

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄድ የሚና ጨዋታ ከሚነሡ ክርክሮች መካከል እንደዚህኛው የቆየና ያልተቋጨ ጥቂት ነው። አንዲት ካህን ገጸ ባሕርይ ውሃ የሚፈጥር ድግምት አላት። ድግምቱ የተጻፈው ምንጭ በሌለበት ለሚጓዙ ሰዎች ጥም መቁረጫ፣ ሲያስፈልግም እሳት ማጥፊያ እንዲሆን ነው። ተጫዋቿ ግን ከፊቷ የቆመውን ግዙፍ ጠላት አይታ ሌላ ነገር ታስባለች፤ ውሃውን ሳንባው ውስጥ ብፈጥረውስ? ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ወደ ጨዋታው መሪ ይዞራል። መሪው እሺ ቢል ውጊያው በአንድ ቃል ያልቃል፤ እምቢ ቢል የተጫዋቿን ብልሃት ያፈነ ይመስላል። ይህ ዳሰሳ እንዲህ ያለው ፍርድ በምን ሚዛን መሰጠት እንዳለበት ይጠይቃል። ጨዋታው ከ50 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚያ ዘመን የታተሙት የሕግ መጻሕፍት፣ የተሻሩትና የተሻሻሉት አንቀጾች፣ በተቀናቃኝነት የመጡት ሌሎች ጨዋታዎች በቂ ማስረጃ ትተውልናል። ማስረጃው ሲደመር ወደ አንድ መደምደሚያ ያደርሳል፦ «ድግምቱ ይህን ማድረግ ይችላል ወይ?» ብሎ መጀመር ብዙ ጊዜ መንገድ ያስታል። መጠየቅ ያለበት «ይህ ብልሃት ሁልጊዜ የሚሠራ ቢሆን ዋጋው ስንት መሆን ነበረበት?» ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ድግምት በጨዋታው ውስጥ ምን እንደሆነ ማየት ይበጃል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ «ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን ሲያሳትሙ መነሻቸው በትንንሽ የወታደር ምስሎች የሚካሄድ የጦር ጨዋታ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የአስማቱን አሠራር ጋይጋክስ ከደራሲው ከጃክ ቫንስ ተዋሰ። በ1950 በታተመው የቫንስ መጽሐፍ በ«ዘ ዳይንግ ኧርዝ» አስማተኛው ጥቂት ድግምት በአእምሮው ይዞ ይወጣል፤ አንዱን ሲደግመው ያ ድግምት ከአእምሮው ይጠፋል። ከዚህ የተወለደው ሥርዓት ለእያንዳንዱ ድግምት ደረጃ ሰጠ፤ ዛሬ ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 9 ይደርሳሉ። አስማተኛው በአንድ ቀን የሚደግመው ብዛትም የተቆጠረ ነው። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ደረጃ ማለት ዋጋ ማለት ነው። 1ኛ ደረጃ የሆነ ድግምት ጀማሪ የሚከፍለው ሳንቲም ሲሆን 9ኛ ደረጃ የሆነው ደግሞ ዓለምን የሚያናውጥ አስማተኛ በቀን አንዴ የሚያወጣው ሀብት ነው። ስለ ሚዛን የሚነሣው ክርክር ሁሉ፣ ተከራካሪዎቹ ልብ ባይሉትም፣ የዋጋ ክርክር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዋጋው የተቆረጠ ከሆነ ክርክሩ ከየት ይመጣል? ከቋንቋው ነው። በገበጣ ጠጠር ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ከመዞር ሌላ ሥራ የለውም፤ በቼዝም ፈረስ ከተፈቀደለት እርምጃ አይወጣም። በሚና ጨዋታ የሰይፍ ሕግ እንዲሁ ቁጥር ነው፤ ዳይስ ይጣላል፣ ከመታ ጉዳቱ ይቆጠራል፣ በዚያው ያበቃል። የድግምት ሕግ ግን በተራ ቋንቋ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ነው። «ውሃ ይፈጥራል»፣ «ብረት ያግላል»፣ «ምስል ያሳያል» ሲባል ውሃ፣ ብረትና ምስል በዓለም ላይ የሚያደርጉት ሁሉ አብሮ ይገባል። ውሃ ያርሳል፣ ይከብዳል፣ ያዳልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰፋል። የፈጠራው ምንጭ ይህ ነው፤ የጨዋታውም ውበት ከዚሁ ይቀዳል። በኮምፒዩተር ጨዋታ ሠሪው ያላሰናዳው መንገድ ዝግ ነው፤ በጠረጴዛ ዙሪያ ግን ያልታሰበውን ሰምቶ የሚፈርድ ሰው አለ። ስለዚህ ፈጠራን በጅምላ የሚከለክል መሪ ጨዋታውን ከሌሎች የሚለየውን ነገር ይነጥቀዋል። በጅምላ የሚፈቅድም ደረጃ የሚባለውን ዋጋ ባዶ ያደርገዋል። ሁለቱንም ስሕተት ለመሸሽ በሁለቱ መካከል የሚያገለግል መለኪያ ያስፈልጋል።

መለኪያውን ለማግኘት የሕግ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በየዘመኑ ምን እንደጠገኑ ማየት ጥሩ መነሻ ነው። በ1989 በወጣው የጨዋታው ሁለተኛ እትም የብርሃን ድግምት በጠላት ዐይን ላይ ተደግሞ ማሳወር ይችል ነበር። ብርሃኑ 1ኛ ደረጃ ነበር፤ ለማሳወር ብቻ የተጻፈው ድግምት ደግሞ 2ኛ። ርካሹ የራሱን ሥራ እየሠራ የውዱንም ይደርብ ነበር ማለት ነው። የ2000ው ሦስተኛ እትም ብርሃኑ በዕቃ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ወሰነ። የብረት ግንብ የሚያቆም ድግምት ሌላው ምሳሌ ነው። ግንቡ ስለማይጠፋ አስማተኛው ብረቱን ቆርጦ መሸጥ ይችላል፤ ገንዘብ አስማታዊ መሣሪያ በሚገዛበት ዓለም ይህ ማለቂያ የሌለው የኃይል ምንጭ ነው። በ2009 የወጣው ተቀናቃኝ ጨዋታ «ፓዝፋይንደር» ያ ብረት እንደማይሸጥና ለሌላ ዕቃ መሥሪያ እንደማይሆን በግልጽ ጻፈ። ግዙፍ እንስሳ ከጠላት ራስ በላይ ጠርቶ መጣል ለሚያስብም ሦስተኛው እትም መልስ ነበረው፦ የተጠራ ፍጡር ሊሸከመው በሚችል ወለል ላይ እንጂ በአየር ላይ አይታይም። የራስን ቅጂ ከበረዶ የሚሠራው 7ኛ ደረጃ ድግምትም አለ። በ2014ቱ አምስተኛ እትም 12 ሰዓትና 1,500 ወርቅ የሚያወጣ የሩቢ ዱቄት ይጠይቃል። ከ9ኛ ደረጃው የምኞት ድግምት ጋር ሲጣመር ግን ሰዓቱም ዱቄቱም ይቀራል፤ ቅጂው ሌላ ቅጂ፣ ያም ሌላ እየሠራ ሠራዊት ይሆናል። በ2024 ሕጉ ሲታደስ ቅጂው ይህንኑ ድግምት እንዳይደግም ተከለከለ።

እነዚህን ጥገናዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የጋራ መልካቸው ይታያል። ሁሉም ርካሹ ድግምት የውዱን ሥራ የሚሠራባቸው፣ ያንንም ነገና ከነገ ወዲያ ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚደግምባቸው መንገዶች ናቸው። ያልታሰቡ መሆናቸው ብቻውን ለመጠገን ምክንያት አልሆነም። የሳንባው ውሃም በዚሁ ዐይን ሲታይ ይጠራል። የቆዩት እትሞች ውሃ በሕያው አካል ውስጥ እንደማይፈጠር ጽፈዋል፤ አምስተኛው እትም ውሃው በክፍት ዕቃ ውስጥ እንዲፈጠር ወይም በዝናብ መልክ እንዲወርድ ይጠይቃል። ነገር ግን «ሳንባ ክፍት ዕቃ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መሟገት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ዋጋውን እንይ። በአምስተኛው እትም በአንድ ቃል የሚገድል ድግምት አለ፤ 9ኛ ደረጃ ነው፣ ያም ሆኖ ከ100 የሕይወት ነጥብ በላይ ያለውን አይገድልም። 1ኛ ደረጃ የሆነ የመጠጥ ውሃ ድግምት ያንን ሥራ ከሠራ በመካከሉ ያሉት ሰባት ደረጃዎች ለምን ተጻፉ? ጀማሪዋ ካህን ከአንጋፋው አስማተኛ ከበለጠች ማደግ የሚባለው የጨዋታው ጉዞ ራሱ ትርጉም ያጣል።

ይህ ማለት ግን አንድ ደረጃ ላይ ያሉ ድግምቶች ሁሉ እኩል መሆን አለባቸው ማለት አይደለም። የ2014ቱ የጨዋታ መሪዎች መጽሐፍ አዲስ ድግምት ለሚጽፉ ሰንጠረዥ አስቀምጧል፤ ብዙ ጠላት የሚመታ 3ኛ ደረጃ ድግምት 6 ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ፣ በአማካይ 21 ነጥብ ጉዳት እንዲያደርስ ይመክራል። ታዋቂው የእሳት ኳስ 3ኛ ደረጃ ሆኖ 8 ዳይስ ይጥላል፣ አማካዩም 28 ነው። መጽሐፉ የራሱን ምክር አልፏል፤ ጨዋታው ግን አልፈረሰም። የእሳት ኳስ በ20 ጫማ ራዲየስ ክብ ውስጥ ወዳጅን ከጠላት አይለይም፣ እሳት የማይነካው ጭራቅ ላይ ይከሽፋል፣ የሚሠራውም አንድ ሥራ ብቻ ነው። ሚዛን ሲባል እንግዲህ ከጥቂት መዛነፍ ጋር አብሮ የሚኖር ነገር ነው። ሲሶ ያህል የሚበልጥ ብልሃት መሪውን ሊያስጨንቀው አይገባም። አሥር እጥፍ የሚበልጠው፣ ወይም ሌላ ድግምት ከነጭራሹ የሚያስጥለው ግን ሊያሳስበው ይገባል።

ፈጠራን ከዳር ሳይሆን ከማዕከል ያስቀመጡ ጨዋታዎች የደረሱበት ቦታ ይህንኑ ያጠናክራል። በ1987 የወጣው «አርስ ማጂካ» አስማትን ከ5 ግሶችና ከ10 ስሞች ያዋቅራል፤ መፍጠር፣ ማወቅ፣ መለወጥ፣ ማጥፋትና ማዘዝ ከእሳት፣ ከውሃ፣ ከአእምሮ ወይም ከሌላ ስም ጋር ሲጣመሩ ተጫዋቹ እዚያው ድግምት ይፈጥራል። ይህ ሁሉ ነጻነት ሚዛኑን ያልናደው መጽሐፉ ለውጤቱ ዋጋ ስለሚቆርጥ ነው፤ ርቀቱ፣ ጊዜውና ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ደረጃው ይወጣል። በ1993 የወጣው «ሜጅ፦ ዘ አሴንሽን» አስማትን በ9 ዘርፎች ከፍሎ ሌላ ዋጋ አኖረ፤ ተራ አጋጣሚ የሚመስል አስማት በርካሽ ያልፋል፣ ሰው ሊያምነው የማይችለው ግን እውነታው ራሱ በአስማተኛው ላይ እንዲዞርበት ያደርጋል። የ2008ቱ የ«ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» አራተኛ እትምም በመሪዎች መጽሐፉ ገጽ 42 ላይ ሕግ ያልደረሰላቸውን ድርጊቶች በገጸ ባሕርዩ ደረጃ ልክ የሚመዝን ሠንጠረዥ አስቀመጠ። ሦስቱ በመንፈስ እጅግ የተለያዩ ናቸው። የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ሦስቱም ዋጋውን ያሰሩት ከድግምቱ ስም ጋር ሳይሆን ከሚያመጣው ለውጥ ጋር ነው።

ከዚህ ሁሉ ሦስት መለኪያ ይወጣል። የመጀመሪያው ንጽጽር ነው፤ ይህንኑ ውጤት ለማምጣት የተጻፈ ድግምት በስንተኛ ደረጃ አለ? ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው፤ ብልሃቱ የዚህን ቦታና የዚህን ሰዓት አጋጣሚ ይፈልጋል ወይስ በየበሩና በየውጊያው ይሠራል? ሦስተኛው የሌላ ሰው ድርሻ ነው፤ ብልሃቱ ሲሠራ ከተጫዋቾቹ የማን ሙያ ከንቱ ይቀራል? አንድ ጥሩ ምሳሌ እንውሰድ። ያቺው ካህን የማይታይ ጠላት ባለበት ክፍል ውስጥ ድግምቷን በዝናብ መልክ ታወርዳለች፤ ሕጉ 30 ጫማ ስፋት ባለው ቦታ ዝናብ ይፈቅዳል። ጠብታው በማይታየው አካል ላይ ሲያርፍ ቅርጹ ለአፍታ ይወጣል። ንጽጽሩ በቅርብ አለ፤ ጠላትን በብርሃን ከብቦ የሚያጋልጠው ድግምት እሱም 1ኛ ደረጃ ነው፣ እስከ አንድ ደቂቃ ሊቆይና ለሚመቱት ሁሉ ብልጫ፣ ማለትም የተሻለ የመምታት ዕድል፣ ሊሰጥ ይችላል። ዝናቡ በሰፊ ቦታ ይወርዳል፣ ግን የሚያሳየው ለቅጽበት፣ ያም ቦታውን ብቻ ነው። በእኩል ዋጋ ያነሰ ውጤት ተገኘ፤ የማንም ሙያ አልተነካም። እንዲህ ያለውን ፈጠራ መሪው ያለ ማመንታት ሊቀበለው ይገባል።

አስቸጋሪው ጉዳይ የቁልፉ ነው። በአምስተኛው እትም ውሃን የሚያንቀሳቅስና የሚያቀዘቅዝ፣ በቀን ስንቴም ቢደገም ወጪ የሌለው ቀላል ድግምት አለ። ተጫዋቹ ውሃ በቁልፉ ቀዳዳ አስገብቶ ያቀዘቅዛል፤ ውሃ ሲቀዘቅዝ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ቁልፉ ይፈነዳል ይላል። ንጽጽሩ ይከብዳል፤ ለመክፈት የተጻፈው ድግምት 2ኛ ደረጃ ሆኖ 300 ጫማ ድረስ የሚሰማ ድምፅ ያሰማል። ድግግሞሹም ወሰን የለውም፤ በየበሩ ይሠራል። የሦስተኛው መለኪያ ፍርድ ይበልጥ ከባድ ነው፤ በጨዋታው ቁልፍ መክፈትን ሙያው ያደረገ፣ መሣሪያ የያዘ፣ ለዚያም ሲል ሌላ ችሎታ የተወ ገጸ ባሕርይ አለ። ሦስቱም መለኪያ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉ እንዳለ መፍቀድ አይገባም። መፍትሔው ግን ክልከላ ብቻ አይደለም። መሪው «በረዶው ዝገት የበላውን ቁልፍ ያላላዋል፤ ባለሙያው ሲሞክር ብልጫ ያገኛል» ሊል ይችላል። ያኔ ብልሃቱ አልባከነም፣ ባለሙያውም አልተገፋም፤ ሁለት ሰዎች አንድ በር አብረው ከፈቱ።

በዚህ አካሄድ ላይ የሚነሣው ቀዳሚ ተቃውሞ ከሕግ አጥባቂዎች ወገን ነው። ድግምት የተጻፈውን ብቻ ያደርጋል፤ ከዚያ የወጣ ሁሉ ይከልከል፣ ፍርድም ይቀላል ይላሉ። አቋሙ ፍትሕ አለው፤ ተጫዋቾች የሚጠብቁትን አስቀድመው እንዲያውቁ ያደርጋል። ግን የተጻፈው ራሱ የዓለምን ጠባይ የሚዋስ ቋንቋ ስለሆነ «የተጻፈው ብቻ» የሚለው ወሰን እንደሚመስለው ጥርት ያለ አይደለም። ከዚህም በላይ በዋጋው የሚስማማ ፈጠራን አብሮ ይገድላል። ወለልን በቅባት የሚያዳልጠውን 1ኛ ደረጃ ድግምት እንመልከት። የ2014ቱ ጽሑፍ ቅባቱ ይቀጣጠል እንደሆነ ስላልተናገረ ተጫዋቾች እሳት ሲለኩሱበት ኖረዋል፤ የ2024ቱ እትም «የማይቀጣጠል» የሚል ቃል ጨምሮ ዘጋው። ዋጋው ቢሰላ መዝጋቱ ባላስፈለገ ነበር። ቅባቱን ለማፍሰስ አንድ ድርጊት፣ ለማቀጣጠል ሌላ ድርጊት ይሄዳል፤ ቦታው ደግሞ 10 ጫማ በ10 ጫማ ብቻ ነው። በእጅ እሳት የሚተፋው 1ኛ ደረጃ ድግምት በአንድ ድርጊት 3 ዳይስ ይጥላል፤ የ2014ቱ ሠንጠረዥም ለዚህ ደረጃ 2 ዳይስ ይመክራል። ለሚነደው ቅባት 2 ዳይስ ቢሰጠው ማንም አይጎዳም ነበር። በቃሉ መጨመር ክርክሩ ቀረ፤ ተጫዋቾች ከሚወዷቸው የጥምረት ደስታዎች አንዱም አብሮ ቀረ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተፈጥሮ ሳይንስ ይመጣል፦ ውሃ ሲቀዘቅዝ ይሰፋልና ቁልፉም ይሰበር። የዚህ ሙግት ችግር እስከ መጨረሻው የሚከተለው ሰው አለመኖሩ ነው። ያው ፊዚክስ በክፍት ቀዳዳ ያለ ውሃ ሲሰፋ ብረቱን ከመስበር ይልቅ ወደ ክፍቱ አፍ ሊወጣ እንደሚችል ይናገራል፤ ያን ጊዜ ግን አይጠራም። የታወቀው የገበሬዎች ሰልፍ ክርክርም እንዲሁ ነው። ብዙ ሺህ ገበሬዎች ተሰልፈው በአንድ የ6 ሰከንድ ዙር ውስጥ ጦር እየተቀባበሉ ያሳልፋሉ፤ ይህ በጨዋታው ሕግ ይፈቀዳል ይባላል። ጦሩ መጨረሻ ሲደርስ ግን በፍጥነቱ ልክ ጉዳት ያድርስ ሲባል ሕጉ ተትቶ ፊዚክሱ ይጠራል። የ2024ቱ የመሪዎች መጽሐፍ ይህንኑ ጉዳይ አንሥቶ ሕጉ የጨዋታ እንጂ የፊዚክስ ሕግ አለመሆኑን አስገንዝቧል። ለእኔ ትክክለኛው ድንበር ይህ ነው፦ የዓለም ጠባይ ብልሃቱ የሚታመን መሆኑን ይነግረናል፤ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚወስነው ግን የጨዋታው ዋጋ ነው። በ2020 የታተመው ተጨማሪ የሕግ መጽሐፍ ከላይ በሚወድቅ ፍጡር ላይ ያደረገው ይህንን ነው። መውደቁን አልካደም፤ ከታች ያለው እንዲያመልጥ ዕድል ሰጥቶ፣ ካላመለጠም ጉዳቱን ለሁለቱ እኩል አካፈለው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጠለቅ ያለ ነው። ይህ ጨዋታ አሸናፊና ተሸናፊ የለውም፤ ሁሉም አንድ ታሪክ ይሠራሉ፤ እንግዲያ ሚዛን ለምን? በእርግጥ በተጫዋቾቹና በጭራቆቹ መካከል ያለው ሚዛን ያን ያህል አያስጨንቅም፤ መሪው ሲሻው ጭራቅ ይጨምራል፣ ሲሻው ይቀንሳል። የሚያስጨንቀው በተጫዋችና በተጫዋች መካከል ያለው ነው። አስማተኛው ልቅ ዓረፍተ ነገሮች ይዞ ይመጣል፤ ሰይፍ የያዘው ተዋጊ ቁጥሮች ብቻ አሉት። አስማተኛው «ውሃውን እንዲህ ባደርገውስ?» ሲል መሪው ፈገግ ይላል። ተዋጊው አሸዋ በጠላት ዐይን ልበትን ሲል ግን ዳይስ እንዲጥል፣ ቅጣት እንዲቀበል፣ ድርጊቱን እንዲያባክን ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘውም ሰይፉን ቢሰነዝር ከሚያገኘው ያነሰ ነው፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንበታል። እንዲህ ያለ ቸርነት በአንድ በኩል ብቻ ሲፈስ የሌላው ወንበር ባዶ ይቀራል፣ ሰውየው ተቀምጦበት እያለ። ሚዛን የሚጠብቀው ይህንን ሰው ነው። የአራተኛው እትም ገጽ 42 ታላቅነትም ለአሸዋውና ለአስማቱ አንድ ሚዛን በማስቀመጡ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከቀድሞው ዘይቤ ወዳጆች ይሰማል። ማት ፊንች በ2008 ባወጣው ትንሽ መመሪያ እንዳስተማረው የቀድሞ ጨዋታ የሚመራው በሕግ ብዛት ሳይሆን በመሪው የቅጽበት ፍርድ ነው፤ ታሪኩ በተፋፋመበት ሰዓት ደረጃ ማነጻጸር ጨዋታውን ያቀዘቅዘዋል። ፍጥነቱ እንደሚያስፈልግ አምናለሁ። ነገር ግን ፈጣን ፍርድ ያለ መለኪያ ከሆነ ዛሬ እሺ፣ ነገ እምቢ ይሆናል፤ ተጫዋቹም የሚማረው ዓለሙን ማንበብ ሳይሆን የመሪውን ፊት ማንበብ ነው። ሦስቱ መለኪያዎች ደግሞ ሦስት አጭር ጥያቄዎች ናቸው፤ ለመጠየቅ እስትንፋስ ይበቃል። መልሱ ካልጠራ መሪው ለዛሬ ፈቅዶ ምክንያቱን ጮክ ብሎ መናገር ይችላል፦ «ዛሬ የሠራው ቁልፉ ዝጎ ስለነበር ነው።» በምክንያት የታሰረ ፈቃድ ነገ እንደ ልማድ አይጠየቅም፤ ተጫዋቹንም ሌላ ዝገት እንዲፈልግ፣ ማለትም ዓለሙን በቅርበት እንዲመለከት ይጋብዘዋል።

አሁን ወደ ካህኗ እንመለስ። ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ዝም ብሎ መሪውን ይጠብቃል። «ውሃው ሊገድል ይገባል?» ተብሎ ከተጠየቀ መልሱ አይገባም ነው፤ ያ 9ኛ ደረጃ የሆነ ሀብት ነው። ግን 1ኛ ደረጃ ምን ይገዛል? በዚያው ደረጃ በአንድ ቃል ትእዛዝ ጠላትን አንድ ተራ የሚያሳጣ ድግምት አለ፤ ጠላት የመቋቋም ውርወራ ይጥላል፣ ካልቻለ ቆሞ ይቀራል። እንግዲያ መሪው እንዲህ ሊል ይችላል፦ ጭራቁ ሊያገሣ አፉን በከፈተበት ቅጽበት 10 ጋሎን፣ ማለትም 38 ሊትር ያህል ውሃ ፊቱ ላይ ወረደበት፤ ካልተቋቋመ እየሳለ ተራውን ያጣል። ካህኗ የከፈለችው አንድ የዕለት ድግምት ካገኘችው ውጤት ጋር እኩል ዋጋ አለው። ተዋጊው በዚያች ክፍተት ሰይፉን ይዞ የሚገባበት ተራ አገኘ፤ አንጋፋው አስማተኛም ዓመታት የለፋበት ድግምት ክብሩን እንደያዘ ነው። የተጫዋቿ ሐሳብም ሙሉ በሙሉ ታሪኩ ውስጥ ገብቷል፤ የተነፈጋት ዋጋውን ያልከፈለችበት ድል ብቻ ነው።